የጠጠር መንገድና ብስክሌት በደብረ ታቦር ደጋ

(አስረጂ ምንባብ)

መንገድ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው መኪና የሚሽከረከርበት ጥቁር አስፋልት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው የአገራችን የገጠር ሕዝብ ዕለት በዕለት የሚመላለስበት መንገድ አስፋልት አይደለም። ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርድበት፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚገሠግሥበት፣ በሽተኛ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰድበት መንገድ አንድም የእግር መንገድ፣ አንድም የጠጠር መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ መኪና አልፎ አልፎ ብቻ ይታያል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሹን ሳይታይ ይመሻል።

የዚህ ምንባብ ዓላማ የጠጠር መንገድ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚበላሽ፣ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ምን ታሪክ እንዳለው፣ እንዲሁም መኪና በማይበዛበት የጠጠር መንገድ ላይ በብስክሌት መጓዝ ምን ጥቅም እንደሚሰጥና ምን ጥንቃቄ እንደሚሻ ማስረዳት ነው።

ሀ. የመንገድ ስሞች

«መንገድ» የሚለው ቃል «ነገደ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው። ነገደ ማለት ተጓዘ፣ ሸቀጥ ይዞ ዞረ፣ ነገደ ማለት ነው። ስለዚህ «መንገድ»፣ «ንግድ» እና «ነጋዴ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ቃሉ ራሱ፣ መንገድ ከሌለ ንግድ እንደሌለ ይመሰክራል።

ሕዝቡ መንገድን እንደ አሠራሩና እንደ አገልግሎቱ ለይቶ ይጠራዋል። ሰውና ከብት በመመላለስ ብዛት ያወጡት ቀጭን መንገድ የእግር መንገድ ይባላል። ዙሪያውን ትቶ በቀጥታ የሚያደርሰው አቋራጭ ነው። ዛፉና ድንጋዩ ተነሥቶ፣ መሬቱ ተስተካክሎ፣ ነገር ግን ጠጠር ሳይለብስ የቀረው ጥርጊያ መንገድ ይባላል። ጠጠር ወይም ገረጋንቲ ለብሶ የተደመደመው የጠጠር መንገድ ነው። ጠጠሩ ታጥቦ ድንጋዩ ያገጠጠው፣ መንገደኛውን የሚያንገጫግጨው ደግሞ ኮረኮንች ይባላል። ከእነዚህ ስሞች መካከል «ጥርጊያ» ከ«ጠረገ»፣ «አቋራጭ» ከ«አቋረጠ» መውጣታቸውን ልብ ይሏል። ከዚህ ሌላ «መሄጃ»፣ «መሸጋገሪያ»፣ «መውረጃ»፣ «መተላለፊያ» የሚባሉት ስሞች በ«መ» ተነሥተው በግሱ ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ቦታ ወይም መሣሪያ ያመለክታሉ።

ለ. የአገሩ አቀማመጥ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት። የቈረቈሯት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ይታያል። ከጉና የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ምዕራብ ወርደው፣ ሩዝ የሚመረትበትን የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በሌላው ጎን የሚወርደው ውሃ ጥልቅ ሸለቆ እየቦረቦረ ይሄዳል።

ይህ አቀማመጥ መንገድ ሠሪውንም መንገደኛውንም ይፈትናል። በፎገራ ሜዳ ላይ ያለው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የረገጠውንም ሁሉ ይይዛል። ደጋው ላይ ደግሞ አፈሩ ቢጠነክርም ዳገቱና ቁልቁለቱ አያሳርፍም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ በሚያጋጥሙን ዓለም በርና አመድ በር በተባሉት ሥፍራዎች ስም ውስጥ ያለው «በር» የሚለው ቃል፣ ጥንት መንገደኛው ተራራውን የሚያልፍበትን መግቢያ የሚያስታውስ ነው።

ዳገትን በቁጥር መግለጽ ይቻላል። ወረታ በ1,830 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደብረ ታቦር ከእርስዋ በ870 ሜትር ያህል ትበልጣለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 870 ሜትርን ለ40,000 ሜትር ብናካፍል በየመቶ ሜትሩ ሁለት ሜትር ከጥቂት እንደምንወጣ እንረዳለን። ይህ ግን አማካይ ቁጥር ነው። መንገዱ መጀመሪያ በሜዳው ላይ ሄዶ ኋላ ስለሚወጣ፣ አንዳንዱ ዳገት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። አማካይ ቁጥር እውነቱን በከፊል እንጂ በሙሉ እንደማይናገር በዚህ ይታወቃል።

ሐ. ከጋፋት እስከ መቅደላ

በዚህ ደጋ ላይ ለመንኰራኩር የሚሆን መንገድ ለመሥራት ታላቅ ጥረት የተደረገው ገና መኪና በዓለም ላይ ሳይታወቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው በነበሩበት ጊዜ፣ ከከተማዋ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የአውሮፓ ተወላጆች የሆኑ የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍ ያስሠሩ ነበር። ከተሠሩት መድፎች ሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይገመታል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉን በአጋሰስ ጭኖ መውሰድ የማይቻል ስለነበር በሠረገላ ላይ ተጭኖ በሰው ኀይል መጐተት ነበረበት። ሠረገላ ደግሞ እንደ በቅሎ ገደል ለገደል አይዘልም። መንገድ ይሻል። ስለዚህ ሠራዊቱ ከፊት ከፊት እየቀደመ ዐለቱን ፈለጠ፤ ጐድጓዳውን ሞላ፤ ቁልቁለቱን በጠመዝማዛ አበረደ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ጠፍር ይዘው መድፉን በዳገት ይጐትቱ፣ በቁልቁለት ደግሞ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዙ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በጊዜው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ጉዞው በዋድላ አምባ ላይ አልፎ፣ የጅጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ ደላንታን ተሻግሮ፣ ከዚያም የበሽሎን ሸለቆ አቋርጦ መጋቢት ወር ላይ መቅደላ ደረሰ።

መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የወሰደው ጊዜ ከአምስት ወር በላይ ነው። ስለዚህ በአማካይ በቀን የተሄደው ከአንድ ኪሎ ሜትር እጅግም አይበልጥም። በእግሩ የሚሄድ ሰው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰውን ርቀት፣ ያ ሠራዊት ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲለፋበት ይውል ነበር ማለት ነው።

የዚህ መንገድ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ሲመጣ፣ ዋድላ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ጋር ተገናኘ፤ ወደ መቅደላም ያመራው በዚሁ መንገድ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ደግሞ የእርሱ ምስል ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው መንገድ የሚያዳላ እንዳልሆነ ነው። መንገድ ለሠራውም ላልሠራውም፣ ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ያገለግላል። ስለዚህ የመንገድ ጥቅም የሚለካው በድንጋዩ ብቻ ሳይሆን፣ በላዩ ላይ በሚመላለሰው ሰውና በዓላማው ጭምር ነው።

መ. የቻይና መንገድና የቀበሌ መንገዶች

ከዚያ ዘመን በኋላ አካባቢው ለአንድ መቶ ዓመት ያህል በእግርና በበቅሎ መንገድ ሲገለገል ኖረ። ለውጥ ያመጣው ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘው መንገድ ነው። ይህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንገድ በቻይና መንግሥት ድጋፍ፣ በቻይናውያን ባለሙያዎችና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ተሠራ። በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና ስለሚያልፍ የጣናን ዳርቻ ከወሎ ጋር አገናኘ። ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ብሎ ጠራው። ሲሠራ የጠጠር መንገድ ነበር። ብዙ ዓመት ካገለገለ በኋላ በየክፍሉ አስፋልት ለበሰ።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት የተባለው ፕሮግራም በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። ዓላማው እያንዳንዱን የገጠር ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ማገናኘት ነበር። በዚህ ምክንያት ከዋናው መንገድ እየተገነጠሉ ወደየቀበሌው የሚገቡ የጠጠር መንገዶች በብዙ ሥፍራ ተሠሩ። ለምሳሌ ያህል፣ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የሚገኘው ከወረታ ደብረ ታቦር መንገድ በጠጠር መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ነው።

እነዚህ የቀበሌ መንገዶች ከዋናው መንገድ የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው። ዋናው መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያልፍ ስለሆነ አውቶቡስና የጭነት መኪና ያዘወትሩታል። የቀበሌው መንገድ ግን አንድ መንደር ደርሶ የሚቆም በመሆኑ፣ ጉዳይ ያለው መኪና ብቻ ይገባበታል። ይህም ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ደኅንነት ትልቅ ዋጋ አለው።

መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምን እንደሚሻም መዘንጋት የለበትም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተካሄደው ግጭት፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገበያተኛው፣ ተማሪውና በሽተኛው ተቸግረዋል። መንገድ የሚቋረጠው ድልድይ ሲሰበር ብቻ አይደለም።

ሠ. የጠጠር መንገድ እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይበላሻል?

ጠጠር መሬት ላይ መበተን ብቻውን መንገድ አይሠራም። ይህን በግልጽ ያስረዳው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ አገር መንገድ ያሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆን ማክአዳም ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ጥሩ መንገድ ከሥሩ ትልልቅ ድንጋይ ሊነጠፍበት ይገባል ይሉ ነበር። ማክአዳም ግን ጭነቱን የሚሸከመው በመጨረሻ መሬቱ ራሱ ስለሆነ፣ ዋናው ነገር መሬቱን ከውሃ መጠበቅ ነው አለ። ስለዚህ ድንጋዩ በደቃቁ እንዲከሰከስ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር እንዲነካከስና መንገዱ ከአካባቢው መሬት ከፍ እንዲል አደረገ። ከ170 ግራም ገደማ የሚበልጥ ድንጋይ እንዳይገባበትም ይከለክል ነበር።

በእኛም አገር የጠጠር መንገድ በዚሁ መሠረታዊ አሳብ ይሠራል። በመጀመሪያ መሬቱ ይጠረግና ይደመደማል። ቀጥሎ ገረጋንቲ ይለብሳል። ጥሩ ገረጋንቲ ሦስት ነገር አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ይኸውም ጭነት የሚሸከም ጠጠር፣ ክፍተቱን የሚሞላ አሸዋና ሁለቱን የሚያያይዝ ጥቂት የሸክላ አፈር ነው። አፈሩ ከበዛ መንገዱ በክረምት ይጨቀያል፤ ካነሰ ደግሞ ጠጠሩ በበጋ ይበተናል። ከዚህ በኋላ የመንገዱ መካከል ከዳርና ከዳሩ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ከመካከል ወደ ዳር በየሜትሩ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢያዘቀዝቅ ዝናቡ ሳይተኛ ይወርዳል። በዳርና በዳር ቦይ ይቈፈራል፤ ውሃው መንገዱን መሻገር ባለበት ቦታም ቱቦ ይቀበራል።

የጠጠር መንገድ ጠላቶች ብዙ ቢሆኑም ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ውሃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው የደጋ ዝናብ ቦዩ ተደፍኖ ካገኘው መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። ጠጠሩን አጥቦ ይወስድና ኮረኮንቹን ትቶ ይሄዳል። ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። መንገድ ከሰፊ ተዳፋት ላይ የሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ስለሚያስወጣው፣ ከቱቦው በታች ያለው መሬት ካልተጠበቀ ቦረቦር ይፈጠራል። ቦረቦሩም በየክረምቱ እየሰፋ የገበሬውን ማሳ ይበላል። ስለዚህ የቱቦ መውጫ በድንጋይ ሊነጠፍ፣ ውሃውም በእርከንና በሣር ሊበርድ ይገባዋል። ለመንደሩ በጎ ይሆናል ተብሎ የተሠራ መንገድ የመንደሩን እርሻ እንዳያጠፋ መጠበቅ የሠሪውም የነዋሪውም ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ፍጥነት ነው። ደረቅ የጠጠር መንገድ በፍጥነት በሚነዱ መኪናዎች ሲመታ፣ ገጹ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ሽንሽን ይሆናል። ጎማው ትንሽ ጉብታ ሲያገኝ ይነሣል፤ ተመልሶ ሲወድቅ ጠጠሩን ገፍቶ ሌላ ጉብታ ይሠራል፤ የሚከተለውም ጎማ እንዲሁ ያደርጋል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ጎማ ግን ይህን አያመጣም። መኪና የማይበዛበት የጠጠር መንገድ ለብስክሌት የሚመቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ረ. ብስክሌት በጠጠር መንገድ ላይ

ብስክሌትና የጠጠር መንገድ የቆየ ዝምድና አላቸው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት፣ ሁለት እኩል ጎማ ያለውና በካቴና የሚሄደው ብስክሌት በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1885 ወጣ። በአየር የሚነፋ ጎማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 በጆን ደንሎፕ ተሠራ። ያን ጊዜ በከተማም በገጠርም የነበረው መንገድ አብዛኛው አፈርና ጠጠር ነበር። በአሜሪካ መኪና ሳይስፋፋ መንገድ ይሠራልን ብለው መንግሥትን አጥብቀው ከጠየቁት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሞቹ ብስክሌተኞች ነበሩ። መኪና ከበዛ በኋላ ግን ብስክሌተኛው እርሱ ከለመነው መንገድ ወደ ዳር ተገፋ። በአሁኑ ጊዜ በብዙ አገር ሰዎች መኪና የሌለበትን መንገድ እንደገና እየፈለጉ ነው። ስፔይን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተተዉ የባቡር ሐዲድ መስመሮችን ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ እንዲሆኑ አድርጋለች። በጠጠር መንገድ ላይ የሚደረግ የብስክሌት የዓለም ሻምፒዮናም እ.ኤ.አ. በ2022 በኢጣልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄዷል።

አገራችንም በዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ፅጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ሆኖም ለገጠር ተማሪ የብስክሌት ትልቁ ጥቅም ውድድር አይደለም። በሜዳ ላይ አንድን ርቀት በብስክሌት ለመሄድ የሚወጣው ጉልበት በእግር ለመሄድ ከሚወጣው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ ይኖራል እንበል። በእግሩ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በደልዳላ የጠጠር መንገድ ላይ በብስክሌት በሰዓት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን በአርባ አምስት ደቂቃ ይደርሳል። በደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፈዋል። ያ ጊዜ ለጥናት፣ ለቤት ሥራና ለዕረፍት ይውላል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር ቢሃር በተባለው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች መንግሥት የብስክሌት መግዣ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ምሁራን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጃገረዶች ቁጥር በ30 በመቶ ገደማ መጨመሩን አረጋገጡ። ይበልጥ የተጠቀሙትም ከትምህርት ቤት ርቀው የሚኖሩት ናቸው። ልጃገረዶቹን ከትምህርት ያስቀራቸው የነበረው የአእምሮ ማነስ ሳይሆን የመንገድ ርዝመት እንደነበር በዚህ ታወቀ። ትምህርት ቤቶች በወረዳ ከተማ በሚገኙበት፣ ተማሪውም ከሩቅ ቀበሌ በሚመጣበት በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ምሳሌ ሊታሰብበት ይገባል።

እርግጥ ነው፣ ቢሃር ሜዳ ነው፤ ፋርታና ጋይንት ግን ተራራ ናቸው። በደብረ ታቦር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ለዳገቱ የለመደ ሳንባና የጠነከረ ጭን ያስፈልጋል። ስለሆነም በዚህ አገር ለብስክሌት የሚሆን መንገድ ለመምረጥ የሚከተሉትን ነጥቦች ማገናዘብ ይጠቅማል።

1. መንገዱ የጉባውን ወገብ ይዞ የሚዞር ነው ወይስ ገደሉን ወርዶ የሚወጣ? ወገብ ይዞ የሚዞረው ቢረዝምም ይቀላል። በእግር የሚመረጠው አቋራጭ ለብስክሌት አይሆንም።

2. በመቶ ሜትር ውስጥ ከፍታው ከስምንትና ከአሥር ሜትር በላይ የሚጨምር ከሆነ ብዙ ሰው ወርዶ መግፋት ይገደዳል። ይህም ነውር የለበትም።

3. በየትኛው ወር ነው የምንሄደው? በክረምት ዋልካው ጎማ ይይዛል፤ የወንዝ መሻገሪያም ይሞላል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል።

4. ውሃ የት ይገኛል? ጎማ ቢተነፍስ ካላማዳሪያ የሚጠግን ሰው በቅርብ አለ ወይስ መለጠፊያና መንፊያ መያዝ ያስፈልጋል?

5. የገበያ ቀን መቼ ነው? በገበያ ቀን መንገዱ ከጧት ጀምሮ በሰውና በአጋሰስ ይሞላል።

ስለ አነዳዱም ጥቂት ነጥቦች መጥቀስ ይገባል። በጠጠር ላይ ሰፋ ያለ ጎማ ይመረጣል። ጎማው እስኪደነድን ከመነፋት ጥቂት ቢለሰልስ ጠጠሩን ስለሚይዝ አያንሸራትትም። በቁልቁለት ላይ ፍሬን በድንገት መጨበጥ ይጥላል። ፍጥነት የሚቀነሰው ጠመዝማዛው ከመድረሱ በፊት እንጂ ከደረሱ በኋላ አይደለም። ዓይን ደግሞ በጎማው ሥር ሳይሆን አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ወደ ፊት ማየት አለበት።

ሰ. መንገዱ የማን ነው?

መኪና የሌለበት መንገድ ባዶ መንገድ ማለት አይደለም። መኪና በሌለበት መንገድ ላይ እረኛ ከነመንጋው፣ እናት ልጅዋን አዝላ፣ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ አህያ ከነጭነቷ ይሄዳሉ። መንገዱ ከሁሉ አስቀድሞ የእነርሱ ነው። ለአውሮፓ ከተማ ነዋሪ እንዲህ ያለው መንገድ ከመኪና ጩኸት የሚሸሽበት መዝናኛ ሊሆን ይችላል። ለደጋው ሰው ግን የኑሮው ጅማት ነው።

በዚህ ምክንያት ብስክሌተኛ የሚጠበቅበት ሥነ ሥርዓት አለ። ጭነት የያዘ አህያ ከፊቱ ቢመጣ ከገደሉ በኩል ሳይሆን ከተራራው በኩል እንዲያልፍ ቆሞ ቦታ ይለቃል። መንጋ ሲያጋጥመው ወርዶ ይገፋል እንጂ ደወል እየደወለ አያስደነብርም። ሽማግሌና አሮጊት ሲያገኝ «እንደምን ዋሉ» ብሎ ያልፋል። ከኋላ ድምፅ ሳያሰማ በፍጥነት ማለፍ ልጅን ያስደነግጣል፤ ደግሞም ያስወቅሳል። በአጭሩ፣ መኪና በብስክሌተኛው ላይ የሚያደርሰውን በደል ብስክሌተኛው በእግረኛው ላይ መድገም የለበትም።

መንገዱን መጠበቅም እንዲሁ የሁሉም ሥራ ነው። ከክረምት በፊት ቦዩን መጥረግ፣ የቱቦውን አፍ ከደለል ማጽዳትና ትንሹን ጉድጓድ ሳይሰፋ መሙላት ከአካፋና ከዶማ የበለጠ መሣሪያ አይጠይቅም። በግንቦት አንድ ቀን ያልተጠረገ ቦይ በነሐሴ መንገዱን ሊቈርጠው ይችላል። መንገድ በተቈረጠ ቀን ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ ማሰብ የቦይ ጠረጋን ዋጋ በሚገባ ያስረዳል።

በጠቅላላው፣ የጠጠር መንገድ ከአስፋልት ያነሰ፣ ወደ አስፋልት እስኪለወጥ ድረስ ብቻ የሚታገሡት መንገድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በአገሬው ድንጋይና በአገሬው ጉልበት የሚሠራ፣ በአገሬው እጅ የሚጠገን፣ ለእግርም ለሰኮናም ለጎማም የሚሆን መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ለማሳለፍ ዐለት ባስፈለጡበት ደጋ ላይ፣ ዛሬ አንድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ በብስክሌት በደኅና ወጥቶ በደኅና የሚገባበት መንገድ ቢስፋፋ፣ ለአገሩ ከመድፍ የበለጠ ኀይል ይሆናል።

መልመጃ

አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ማክአዳም ከእርሱ በፊት ከነበሩት መንገድ ሠሪዎች በምን አሳብ ይለያል?
2. «መንገድ የሚያዳላ አይደለም» የተባለው በየትኛው ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው?
3. የጠጠር መንገድ ገጽ እንደ ቆርቆሮ ሽንሽን የሚሆንበትን ምክንያት በቅደም ተከተል አስረዱ።
4. ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው አማካይ ዳገት ስለ መንገዱ ሙሉውን እውነት የማይናገረው ለምንድን ነው?

ሁለት፦ የሚከተሉትን ቃላት ፍቺ ከጻፋችሁ በኋላ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ገረጋንቲ፣ ኮረኮንች፣ ቦረቦር፣ ዋልካ፣ ቃሬዛ፣ አጋሰስ

ሦስት፦ «ወረደ»፣ «ተሻገረ»፣ «ተላለፈ»፣ «ጠረገ» ከሚሉት ግሶች በ«መ» የሚነሡ ስሞችን መሥርቱ። እያንዳንዱ ስም ቦታን ወይም መሣሪያን ማመልከቱን ለዩ።

አራት፦ ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤታችሁ ያለውን መንገድ የሚያስረዳ፣ አራት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የመንገዱን ዓይነትና ርዝመት፣ በሁለተኛው በክረምትና በበጋ የሚያሳየውን ለውጥ፣ በሦስተኛው የሚመላለሱበትን ሰዎችና ጉዳያቸውን፣ በመጨረሻው ደግሞ መንገዱ እንዲሻሻል በአካባቢያችሁ ኀይል ሊደረግ የሚችለውን ግለጹ።